በሐምሌ የተቀመጡት ልቦች

በመተላለፊያችን ግድግዳ ላይ ያለውን የላም ደወል የሰቀልሁት እኔ ነኝ። ደወሉ የእናቴ ነበር፤ ላሞቿን ሸጣ በረቱን በዘጋች ጊዜ ለእኔ የደረሰኝ ውርስ እርሱ ብቻ ነው። የቤተ ሙከራውን ኀላፊነት በተረከብሁበት ዓመት ከደወሉ ጋር አንድ ደንብ አወጣሁ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ደወሉ ሲመታ፣ ፕሮፌሰርም ይሁን ብርጭቆ አጣቢ፣ ሰው ሁሉ እጁን ታጥቦ ፊካ ለምንለው የቡና ዕረፍት ይሰበሰባል፤ ቡናውን ይጠጣል፤ የቀረፋ ዳቦውን ይበላል፤ አራት ሰዓት ሲሆን ወደ ሥራው ይመለሳል። ፊካ በሌላም ቤት አለ፤ በእኛ ቤት ግን የሚቀር ሰው አልነበረም። ጡረታ ከወጣሁ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። የማዕዘኗን ጠረጴዛ አልነሡኝም፤ ደወሉም ከቦታው አልተነሣም።

ቶርኒ እባላለሁ። በወጣትነቴ ተማሪ መምህሩን በማዕረጉ እንጂ በስሙ አይጠራም ነበር። በኋላ አገሩ ሁሉ «አንተ»ና «አንቺ» መባባል ሲጀምር እኔም እንደ ማንኛውም ሰው «አንተ» ሆንሁ። አልተቃወምሁም፤ አልለመድሁትምም።

ባለፈው የካቲት የይልቫ ዋና አማካሪ መንታ ሴቶች ልጆች ተወልደውለት ለስድስት ወር የአባትነት ፈቃድ ወጣ። ይልቫ የዶክትሬት ድርሳኗን ለመጨረስ ጥቂት ወራት ብቻ ስለ ቀሯት፣ እስከ መጨረሻው እንድከታተላት እኔን ለመኑኝ። ከወንዙ ላይኛው ክፍል፣ ከጫካው አገር የመጣች፣ ረጅም፣ ንግግር የማታበዛ፣ የምትሠራውን ሁሉ ግን የምትጽፍ ልጅ ናት። አባቷ ሄልገ የግንድ መኪና ነጂ ነበር፤ ስኳርና የልብ ሕመም ተጋግዘው ከመሪው አስነሡት። ይልቫ ይህን የምርምር መስክ ስለ ምን እንደ መረጠች ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ መጠየቅም አያስፈልግም ነበር።

የተከታተለችው ነገር እንዲህ ነው። ሰው ሲደነግጥ አድሬናሊን የልብን ሕዋስ በር ያንኳኳል፤ መልእክቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ልብም ይጋልባል። የሚጋልብ ፈረስ ግን ልጓም ያስፈልገዋል። ስለዚህ በሕዋሱ ውስጥ መልእክቱን «ይበቃል» ብለው የሚያበርዱ ፕሮቲኖች አሉ፤ ተቆጣጣሪዎች እንላቸዋለን። ይልቫ የያዘችው ተቆጣጣሪ የሚሠራው ፎስፌት የተባለች ትንሽ ማኅተም ስትታተምበት ነው። ማኅተሟ ከረገፈች ሥልጣኑን እንደ ተገፈፈ ዳኛ ነው፤ ይናገራል፣ የሚሰማው የለም። የድርሳኗ አራተኛ ምዕራፍ የሚናገረው በስኳር በሽታ የተያዙ አይጦች ልብ ውስጥ ይህች ማኅተም ከሞላ ጎደል ጨርሳ እንደ ረገፈች ነበር። ድርሳኑ የቆመው በዚህ ምዕራፍ ላይ ነው፤ ሌሎቹ ሦስቱ ወደ እርሱ የሚያደርሱ ደረጃዎች ናቸው።

በሚያዝያ፣ በአንዱ ማክሰኞ፣ ድርሳኑ ማተሚያ ቤት ሊገባ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ይልቫ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። በእጇ አንድ ወረቀት ይዛለች። ከኖርዌይ የተላከ፣ በትሕትና የተጻፈ ደብዳቤ ነበር። በተመሳሳይ አይጦች ተመሳሳዩን ሙከራ ሠርተዋል፤ በጤነኛና በታመመ ልብ መካከል ግን ልዩነት አላዩም። «ምናልባት ስሕተቱ የእኛ ይሆናል» ብለው ነበር የዘጉት። በእኛ ሙያ ከዚህ የሚከፋ ዐረፍተ ነገር የለም።

ጉንቮር ከበስተጀርባዋ ቆማ ደብዳቤውን አነበበችው። ጉንቮር በዚህ ቤት ሠላሳ ዓመት የሠራች የቤተ ሙከራ ባለሙያ ናት። ደወሉንም የምትመታው እርሷ ናት።

«ኖርዌጆች ምን ያውቃሉ!» አለች። «ልቡንም ዓሣቸውን እንደሚያደርቁት በንፋስ አድርቀውት ይሆናል።»

ይልቫ አልሳቀችም። «እኔስ ተሳስቼ ቢሆን?»

«አንቺ? አንቺ እኮ ስታስነጥሺም ሰዓቱን የምትጽፊ ሰው ነሽ።»

«ፀረ አካሉ ይሆናል» አለች ይልቫ። ማኅተሟን ለይቶ እንዲያሳይ የምንጠቀምበትን መድኃኒት ማለቷ ነው። «ባለፈው ዓመት አዲስ ጠርሙስ ከፍቼ ነበር። ምናልባት እሱ አሳስቶኝ ይሆናል።»

«የሥራ መዝገቦችሽን አምጪልኝ» አልኋት። «ሁሉንም።»

ዘጠኝ መዝገቦች አመጣች። ሙሉውን ማክሰኞ አነበብሁ፤ ረቡዕም ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ገብቼ ቀጠልሁ። ጽሕፈቷ ጥሩ ነው፤ በእርሳስ፣ በቀጥታ፣ ያለ ስርዝ። በዚህ ቤት እንዲህ መጻፍን ያስለመድሁ እኔ ነኝ ብዬ ኮራሁ። ሦስተኛውን መዝገብ ስገልጥ ግን ኩራቴ ጠፋ።

በአይጦቹ ቤት ከጤነኛው ወደ ሕመምተኛው እንጂ ከሕመምተኛው ወደ ጤነኛው አይኬድም። ስለዚህ ይልቫ ሁልጊዜ የጤነኞቹን ልብ አስቀድማ ታወጣለች። በቀዝቃዛ የጨው ውኃ ታጥበዋለች፤ ዙሪያውን ያለውን ስብ ትቀርፋለች፤ ወዲያው በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ትጥለዋለች። በዚያ ብርድ ጊዜ ይቆማል፤ ማኅተሟም ባለችበት ትቀራለች። የታመሙት ተራ ሲደርስ ግን ስባቸው ብዙ ነው፤ መቅረፉ ይረዝማልና መጀመሪያ ስድስቱንም አውጥታ በበረዶ ላይ ታኖራቸዋለች። መዝገቡም እንዲህ ይላል፦ «ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት፦ ስድስት ልቦች ወጥተው በበረዶ ላይ። ሦስት ሰዓት ተኩል፦ ፊካ። አራት ሰዓት፦ ተመለስሁ፤ ስቡን ቀረፍሁ።» ገጹን ገለጥሁ። በሚቀጥለው ወር ያው ነው። ቀጥሎ ባለውም ወር ያው ነው።

በረዶ ልብን ያቀዘቅዛል እንጂ አያቆመውም። በሥጋው ውስጥ ያሉ ማኅተም ነቃይ ፕሮቲኖች በበረዶ ላይም ቀስ እያሉ ይሠራሉ። የታመሙት አይጦች ማኅተም የረገፈው በስኳር በሽታ ብቻ አልነበረም። እኛ የቀረፋ ዳቦ ስንበላ ነበር የረገፈው።

ይልቫ በመጣች በመጀመሪያው ሳምንት ደወሉ ተመትቶ ከሥራዋ ሳትነሣ ቀርታ እንደ ነበር አስታወስሁ። ሄጄ አመጣኋት፤ በሰው ሁሉ ፊትም «በዚህ ቤት ብቻውን የሚሠራ ብቻውን ይሳሳታል» አልኋት። ፊቷ ቀልቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀርታ አታውቅም።

ይህን እያሰብሁ ሳለ ጉንቮር ደወሉን መታች።

ፊካ ክፍል ገብቼ ተቀመጥሁ። ዳቦው ፊቴ ነው፤ አልነካሁትም። ይልቫ ስኒዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ወስኛለሁ። አራተኛውን ምዕራፍ አወጣዋለሁ» አለች።

«አውጥተሽው ምን ይቀርሻል?» አለች ጉንቮር።

«ሦስት ምዕራፍና የምስጋና ገጽ።»

«በዚያ ለድርሳን መከላከያ ጉባኤ ያቀርቡሻል?»

«አያቀርቡኝም። የሥራ ውሌም ሰኔ ላይ ያልቃል።» ስኒዋ ውስጥ እያየች፣ «አባቴ ለጉባኤው ሙሉ ልብስ ገዝቷል» አለች። «በሕይወቱ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው የሠርጉ ነበር።»

ጉንቮር ዳቦዋን ለሁለት ቈርሳ እኩሌታውን ወደ ይልቫ ገፋችው።

እውነቱን እናገራለሁ፦ ያን ጊዜ ዝም ማለት እችል ነበር። ልጅቱ ጥፋቱን በፀረ አካሉ ጠርሙስ አመካኝታለች። መዝገቡን ያነበብሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሰባ ስምንት ዓመት ሙሉ አንገቴን ቀና አድርጌ ኖሬ፣ በእናቴ ደወል ምክንያት ላቀረቅር? ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ተመለከትሁ። ለአራት ሰዓት ስምንት ደቂቃ ይቀራል። የዚያ ስምንት ደቂቃ የመጀመሪያዎቹን አራቱን በዝምታ አሳለፍሁ፤ እስከ ዛሬም አፍርባቸዋለሁ። ከዚያ ተነሥቼ ቆምሁ። ያሳፈርኋት በሰው ፊት ነበርና፣ ስሕተቴንም የምናገረው በሰው ፊት መሆን ነበረበት።

«ከመነሣታችሁ በፊት የምናገረው አለኝ» አልሁ።

«ንግግር ነው?» አለች ጉንቮር። «ልደቴ እኮ አይደለም።»

ያየሁትን ሁሉ ነገርኋቸው፤ ሰዓቶቹን፣ በረዶውን፣ ደወሉን፣ በመጀመሪያው ሳምንት የተናገርሁትን ቃል። ስጨርስ ጉንቮር እኛ ሰሜኖች «አዎን» ስንል እንደምናደርገው ትንፋሿን በአጭሩ ወደ ውስጥ ሳበች።

«እንግዲያ እኔም አለሁበት» አለች። «አንተ ሰቀልከው እንጂ የምመታው እኔ ነኝ።»

«ልቦቹን በረዶ ላይ ትቼ የሄድኩት ግን እኔ ነኝ» አለች ይልቫ። «ማንም እግሬን አላሰረኝም።»

«እኔ አስሬሻለሁ» አልሁ። «በዚህ ክፍል፤ በዚህ ወንበር አጠገብ።»

«'ብቻውን የሚሠራ ብቻውን ይሳሳታል'» አለች ቃሌን ሳታዛንፍ። በቁጣ አልነበረም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ ቆረጠኝ።

«በሉ ደስ ይበላችሁ፣ አብረን ተሳስተናል!» አለች ጉንቮር። «እንዲህ ያለ ፍቅር የት ይገኛል?»

ይልቫ ልትስቅ ከንፈሯ ከተከፈተ በኋላ በዚያው ቀረ። ዓይኗ ከእኛ አልፎ ወደ መተላለፊያው ሄደ።

«ጉንቮር፣ በሐምሌ ደወሉን ማን ነው የሚመታው?»

«በሐምሌ? በሐምሌ እኔ ጀልባዬ ላይ ነኝ። በሐምሌ ደወሉ የሸረሪት ነው።»

ይልቫ ስኒዋን አስቀመጠች። «እኔ ባለፈው ሐምሌ እዚህ ነበርኩ።»

በእውነት ነበረች። አገር ሁሉ ለዓመት ዕረፍት ወደ ባሕር ጠረፍ ጎጆው በሄደበት ወር የእርሷ አይጦች ዐሥራ አራት ሳምንት ሞልቷቸው ነበርና፣ የማይጠብቅ ነገር ስለ ሆነ ብቻዋን ስትሠራ ከረመች። ነሐሴ ላይ ተመልሼ ይህን ስሰማ ደስ አላለኝም፤ ያኔ ገና አማካሪዋ ባልሆንም ቃሌ በዚያ ቤት እንደ ደንብ ይሰማ ነበር። «በሐምሌ የሚሠራ ሰው ምስክር የለውም» አልኋት፤ «እነዚያን ልቦች አስቀምጫቸው፤ በድርሳኑ አይግቡ።» አስቀመጠቻቸው። እንዲህ ሆኖ አንዱ ደንቤ ሥራዋን ሲያበላሽ፣ ሌላው ደንቤ ያልተበላሸውን ሥራ ከማቀዝቀዣ ውስጥ ቈልፎበት ኖሯል።

«የሐምሌውን መዝገብ!» አልሁ።

ይልቫ ከእኔ ቀድማ ሮጣ አመጣችው። ገጹን በጣቷ ተከተለች። «ሦስት ሰዓት ከሃያ፣ ልብ ወጣ። ሦስት ሰዓት ከሃያ አራት፣ ናይትሮጅን። ሦስት ሰዓት ከሃያ ስድስት፣ ልብ ወጣ። ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ናይትሮጅን።» ቀና ብላ አየችኝ። «አንድም ፊካ የለም። ስድስት ጤነኛ፣ ስድስት ታማሚ። አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን አልከፈትኩም።»

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ጉንቮር። «የካቲት ላይ ማቀዝቀዣውን አጽድቻለሁ። ስም የሌለውን ሁሉ ጥያለሁ። ሣጥኑ ላይ ስምሽን ጽፈሽበታል?»

«ጽፌበታለሁ።»

«በምን?»

«በእርሳስ።»

«እሰይ የኔ እመቤት! በቀለም የጻፉትን አልኮል አጥቦት፣ ሁሉንም ነው የጣልኩት።»

ሦስታችንም ወደ ማቀዝቀዣው ሄድን። ከዜሮ በታች ሰማንያ ነው፤ በሩ ሲከፈት ጉሙ እግራችን ድረስ ወረደ። ጉንቮር ጓንቷን አጥልቃ መሳቢያ በመሳቢያ ታወጣ ጀመር። የመጀመሪያው የሌላ ሰው ነው። ሁለተኛውም የሌላ ሰው ነው። በአራተኛው ጥግ፣ አመዳይ የሸፈነው አንድ ትንሽ የካርቶን ሣጥን ነበር። በአውራ ጣቷ ጠረገችው። *ይልቫ፣ ሐምሌ፣ ልብ 12* ይላል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች የሥራ ቀኖች ነበሩ። ልቦቹን በፈሳሽ ናይትሮጅን እያቀዘቀዝን ወቀጥናቸው፤ ማኅተም ነቃዮቹን የሚያግድ መድኃኒት ጨመርንባቸው፤ ፕሮቲኖቹን በመጠናቸው ለየናቸው። እኔ ዐሥር ዓመት ሙሉ የፈሳሽ መለኪያ ቧንቧ ይዤ አላውቅም ነበር። ለመለማመጃ የያዝሁትን ውኃ ከቱቦው ውጭ ሳንጠባጥብ ጉንቮር አየችና፣ «አንተ ቁጭ በል፤ ሰዓት ብቻ ያዝ፤ እሱን ትወዳለህ» አለችኝ። ሰዓት ያዝሁ። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ደወሉ አልተመታም። ዓርብም አልተመታም። ከሌላው ክፍል የመጡ ሁለት ወጣቶች መተላለፊያው ላይ ቆመው፣ «ምን ሆናችሁ፣ ሰው ሞተ?» ብለው ጠየቁ።

«ገና አላወቅንም» አለቻቸው ጉንቮር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሥዕሉ ሊወጣ ሆነ። የማኅተሙ ብዛት በማሽኑ መስታወት ላይ እንደ ጥቁር ሰረዝ ይታያል፤ ማኅተም ከበዛ ሰረዙ ይጠቁራል፤ ካነሰ ይገረጣል። ይልቫ ቁልፉን ተጫነችና ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አንተ እይልኝ» አለች። «እኔ አልችልም።»

መነጽሬን ጠርጌ ተጠጋሁ። ዐሥራ ሁለት ሰረዞች ቀስ በቀስ ወጡ። በግራ ያሉት የጤነኞቹ ስድስቱ ጠቆሩ። በቀኝ ያሉት የታመሙት ስድስቱም ወጡ፤ እንደ ቀድሞው ሥዕል ባዶ አልነበሩም። ምንም ልዩነት የለም ማለት ነው ብዬ አፌን ልከፍት ስል፣ እንደ ገና ተመለከትሁ። ከዚያም አንድ በአንድ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ተመለከትሁ።

«ገርጥተዋል» አልሁ።

«ስንቱ?»

«ስድስቱም። አልጠፉም፤ ግን ስድስቱም ገርጥተዋል።»

ወንበሯን አዞረች። ሥዕሉን አየች፤ ከዚያ ማሽኑን አስለካችው። የታመሙት ልቦች ከማኅተማቸው ሲሶው ረግፏል፤ ሁለት እጁ አለ። ኖርዌጆቹ ለምን እንዳላዩትም ወዲያው ገባን፤ በደብዳቤያቸው እንደ ጻፉት ከየወገኑ አራት አራት ልብ ብቻ ነበራቸው፤ ሲሶ ልዩነት በአራት ልብ አይያዝም።

«ከሞላ ጎደል ሁሉም ብዬ ነበር» አለች ይልቫ። «ሲሶ ብቻ ነው።»

«ሲሶ እውነት ነው» አልኋት። «ያኛው ሁለት እጅ የእኔ ደወል ነበር።»

እፎይ ብላ ወንበሩ ላይ ተዘረጋች፤ ረጅም እግሮቿ ከጠረጴዛው ሥር ወጥተው ሌላውን ግድግዳ ሊነኩ ደረሱ። ከዚያ ሳቀች። በአምስት ዓመት ውስጥ በድምፅ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው። ጉንቮር ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ አፍንጫዋን በወረቀት ጠረገችና፣ «ጉንፋን ነው» አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት።

ቅዳሜና እሑድ ሙከራውን ሁለት ጊዜ ደገምነው፤ ሁለቱም ጊዜ ያው ሆነ። ይልቫ ምዕራፉን እንደ ገና ጻፈችው። የቀደሙት ልቦች በበረዶ ላይ ቢያንስ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ስለ ቆዩ ከቍጥር መውጣታቸውን በግልጽ አስፍራለች። ምክንያቱን ልትዘለው ነበር፤ እኔ ግን እንድትጽፈው ጠየቅኋት። «በቤተ ሙከራው የፊካ ደንብ ምክንያት» የሚል ቃል በአንድ የዶክትሬት ድርሳን ውስጥ ታትሞ የሚገኘው እንዲህ ሆኖ ነው። ሰኞ እኩለ ቀን ሳይሞላ ወደ ማተሚያ ቤቱ ተላከ።

በግንቦት፣ የወንዙ በረዶ ተጠርጎ በሄደበት ሳምንት፣ እንደ አገራችን ልማድ፣ ድርሳኑ ከመከላከያው በፊት ሰው ሁሉ እንዲያየው በዩኒቨርሲቲው ሰሌዳ ላይ በምስማር የሚቸነከርበት ቀን ደረሰ። አባቷ ሄልገ አዲሱን ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ የራሱን መዶሻና የራሱን ምስማር በኪሱ ይዞ መጣ። ትልቅ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ደረጃ ሲወጣ የሚያርፍ ሰው ነው። እጁን ዘረጋልኝ።

«አንተ ነህ ባለ ደወሉ?»

«እኔ ነኝ።»

«በሐምሌ ለምን ሠራሽ ብለህ ተቆጥተሃታል አሉ።»

«ተቆጥቻታለሁ። ተሳስቼ ነበር።»

«እኔም ተቆጥቻት ነበር» አለ ሄልገ። «ጀልባውን ብቻዬን ነው ቀለም የቀባሁት። እስከ ዛሬ አንዱ ጎኑ አላለቀም።»

ይልቫ መጽሐፉን ከሰሌዳው ጋር አስተካክላ ያዘች። አባቷ መዶሻውን አንሥቶ መታ፤ ምስማሩ ጎበጠ። ሄልገ ጎባጣውን ነቅሎ አየውና፣ «ይሄ የመጀመሪያው ሙከራ ነው» አለ፤ «ከቍጥር ይውጣ።» ከሁሉ አስቀድማ የሳቀችው ይልቫ ናት። ሁለተኛው ምስማር በሦስት ምት ገባ። ድርሳኑ በቦታው ተንጠለጠለ፤ የመከላከያው ቀን ከሦስት ሳምንት በኋላ ሆኖ ከሥሩ ተጽፎበታል።

ጉንቮር ደወሉን ከግድግዳው አውርዳ በቦርሳዋ ይዛው መጥታ ነበር። አወጣችና መታችው። ቡናው ቀርቧል። ኬክም አለ፤ ሄልገ እንዳይበላ ልጁ በዓይኗ ትጠብቀዋለች።

ይልቫ ግን ሰው ሁሉ ወደ ክፍሉ ሲገባ ወደ ሥራ ጠረጴዛዋ ሄደች። እኔም ተከተልኋት። ልቦቹን ታኖርበት የነበረውን የበረዶ ባልዲ ክዳን አንሥታ ውስጡን አየች፤ ባዶ ነበር። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ክዳኑን መልሳ ከደነችው።

«ምንም አልቀረም» አለች። «በል ና፣ ቡናው ሳይቀዘቅዝብን።»